ፕሪንተር ሳትፈልጉ ወረቀት መፈረም፦ ክሮምቡክና ብሮውዘር ብቻ ለያዘ ሰው

ብዙ ሰው ቤት ያለችው ላፕቶፕ ያቺ ቀለል ያለች ክሮምቡክ ናት፣ ወይ ደሞ 4 ጊጋ ራም ያላት ሦስት ታብ ሲከፈትባት የምታቃስት ዊንዶውስ። እና የሆነ ቀን የቤት ኪራይ ውል፣ ወይ ታክስ የሚሠራላችሁ ሰው የላከው ፎርም፣ ወይ የዴይኬር ምዝገባ በኢሜይል ይመጣና ፈርማችሁ መልሱ ይላል። ያኔ ነው ሩጫው የሚጀምረው፤ ፕሪንተር የለም፣ ያለውም ቀለሙ ደርቋል፣ ከዛ ላይብረሪ ሄዶ ማተም፣ መኪና ውስጥ ጉልበት ላይ አድርጎ መፈረም፣ በስልክ ፎቶ አንስቶ የተንሻፈፈና ጥላ ያረፈበት ምስል መላክ። ኧረ ተዉት። ምንም ፕሮግራም ሳትጭኑ፣ ምንም ሳትከፍሉ ባለቻችሁ ላፕቶፕ ላይ ብሮውዘር ከፍታችሁ መጨረስ ይቻላል። ምሳሌዎቼ በብዛት ከአሜሪካ ናቸው፣ ሌላ አገር ላላችሁ የሚለየውን መሀል ላይ አስገባለሁ።

መጀመሪያ ተቀባዩ ማነው?

ሰው ሁሉ ቀጥታ "የቱን አፕ ልጠቀም" ብሎ ነው የሚጀምረው። እኔ ግን አፑን ለጊዜው ተዉትና ወረቀቱን የሚቀበለው ማነው፣ እሱስ ምን አይነት ፊርማ ነው የሚቀበለው የሚለውን አስቀድሙ ነው የምለው፤ ምክንያቱም አንዱ ጋ ያለምንም ጥያቄ የሚያልፍ ፊርማ ሌላው ጋ ሙሉ ማመልከቻችሁን ከነፖስታው ያስመልሳል፣ ከዛ በኋላ ደሞ ወራት ነው የሚባክነው።

አከራይ፣ ቀጣሪ፣ ኢንሹራንስ፣ ዴይኬር፣ ስልክ ድርጅት፣ እነዚህ ጋ በአብዛኛው ችግር የለም። አሜሪካ ውስጥ ኢሳይን የሚባለው የፌደራል ሕግ ከ2000 ጀምሮ አለ፤ አንድ ውል ወይም ፊርማ ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ አይጸናም ሊባል አይችልም የሚል ነው። ሕጉ ራሱ ያስቀራቸው ግን አሉ፦ ኑዛዜ፣ ጉዲፈቻ፣ ፍቺ፣ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ፣ እንደዚህ አይነቶቹን በላፕቶፕ አትሞክሩ። ታክስ ሠሪያችሁ ፎርም 8879ን፣ ማለትም ታክሳችሁን በኤሌክትሮኒክ እንዲያስገባ የምትፈቅዱበትን፣ በሊንክ ሲልክላችሁ መሀል ላይ ድሮ የኖራችሁበትን ሰፈር ወይ የነበራችሁን የመኪና ብድር የሚጠይቅ ነገር ቢመጣ አትደንግጡ፣ የታክስ መሥሪያ ቤቱ አይአርኤስ በርቀት የሚፈረመው ላይ የፈራሚው ማንነት እንዲጣራ ስለሚፈልግ ነው።

ኢሚግሬሽን ጋ ስትደርሱ ነገሩ ይቀየራል፣ እዚህ ላይ በደንብ አንብቡ። በፖስታ የሚላክ ፎርም፣ ለምሳሌ ዘመድ ስታመጡ የምትሞሉት የገንዘብ ዋስትናው አይ-864፣ በእጅ በእስክሪብቶ መፈረም አለበት። በኮቪድ ጊዜ ያመጡትንና በ2022 ሐምሌ ላይ ቋሚ ያደረጉትን አሠራር ያየን እንደሆነ በእስክሪብቶ ተፈርሞ ስካን የተደረገ ወይም ፎቶኮፒ የሆነ ኮፒ ይቀበላሉ፣ ማለትም ካሊፎርኒያ ያለው ስፖንሰር ፈርሞ ስካኑን በኢሜይል ቢልክላችሁ እናንተ አትማችሁ ከሌላው ጋ መላክ ትችላላችሁ። በኮምፒውተር የተተየበ ስም፣ ወይ በማህተም የተመታ ፊርማ ግን አይቀበሉም። ስለዚህ ያ ፎርም ላይ ያማረች የኮምፒውተር ፊርማ ለጥፋችሁ እንዳትልኩ። በኦንላይን አካውንታችሁ ውስጥ ገብታችሁ የምትሞሉት ከሆነ ደሞ እዛው መጨረሻ ላይ ስማችሁን መተየብ ነው ፊርማው፣ እሱ ሌላ ነው።

ውክልናም እንደዛው። አዲስ አበባ ያለ ቤት ለማሸጥ ወይ ባንክ ለማንቀሳቀስ ለወንድማችሁ የምትሰጡት ውክልና ሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ወይም ውጭ አገር ከሆናችሁ ኤምባሲና ቆንስላ በኩል ተረጋግጦ ነው የሚጸናው። ላፕቶፕ ላይ ፈርማችሁ በቴሌግራም ብትልኩለት ወንድማችሁን መስኮት ለመስኮት ማንከራተት ብቻ ነው ትርፉ። ኢትዮጵያ ውስጥ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 አለ፣ እሱ ግን ዋናው ትኩረቱ በሰርተፊኬት፣ ማለትም የፈራሚውን ማንነት በሚያረጋግጥ ዲጂታል ማስረጃ፣ የተደገፈ ፊርማ ላይ ነው፤ ፒዲኤፍ ላይ በጣት የተጫጫረ ነገር ይዞ ወደ መንግሥት ቢሮ መሄድን ማንም አይመክራችሁም፣ በተለይ ማህተም ካላዩ የማያምኑ ሰዎች ጋ።

አውሮፓ ያላችሁ ኢአይዳስ በሚባለው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ፊርማ ሦስት ደረጃ አለው፤ ተራው፣ የተሻሻለው፣ እና ከሁሉ የሚበልጠው በተፈቀደለት ድርጅት ሰርተፊኬት የሚወጣው። ጀርመን ውስጥ ለምሳሌ የሥራ ውል ማቋረጫ ደብዳቤ በኤሌክትሮኒክ አይሆንም፣ የግድ ወረቀትና እስክሪብቶ ነው፤ ከሥራ የለቀቃችሁ መስሏችሁ በኢሜይል ልካችሁ ብትቀመጡ አልለቀቃችሁም። ስዊድን ያላችሁ ባንክአይዲ፣ ኤምሬትስ ያላችሁ ዩኤኢ ፓስ የሚባል የዲጂታል መታወቂያ አፕ ስላላችሁ ከታች ከምለው ግማሹ አያስፈልጋችሁም።

የማን ላፕቶፕ ናት?

ይሄን ማንም አያነሳውም ግን በኛ ቤት በጣም የተለመደ ነገር ነው፦ ልጁ ከትምህርት ቤት ይዟት የመጣት ክሮምቡክ ላይ የቤተሰቡን ወረቀት መጨረስ። አታድርጉት። ትምህርት ቤት የሰጣት ላፕቶፕ በትምህርት ቤቱ ነው የምትተዳደረው፣ የትኛው ገጽ እንደተከፈተ ማየት ይችላሉ፣ ግማሹን ሳይት ደሞ ይዘጉታል፣ እና መሀል ላይ ገጹ ለምን አልከፈት አለኝ ብላችሁ ስትበሳጩ ልታመሹ ነው። ከዛ ደሞ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ያለበት ፋይል በልጁ ጉግል ድራይቭ ውስጥ ይቀራል። የራሳችሁ ላፕቶፕ ከሌለ ስልካችሁ ይሻላል።

የራሳችሁ ክሮምቡክ ሆና ቤተሰቡ በጋራ የሚጠቀምባት ከሆነ ደሞ መግቢያው ላይ ሰው ጨምሩ የሚለውን ተጭናችሁ የራሳችሁን ጂሜይል ለብቻ አስገቡ። ዳውንሎዳችሁ ለብቻ ይሆናል፣ ልጆቹም ሳያውቁ አይነኩባችሁም።

ሊንክ ከመጣላችሁ

ቀላሉ መንገድ ይሄ ነው፤ ላኪው ራሱ በዶኩሳይን ወይ በድሮፕቦክስ ሳይን ወይ በአዶቤ፣ ማለትም በኦንላይን መፈረሚያ አገልግሎት፣ አዘጋጅቶ ልኮላችኋል፣ እናንተ መክፈትና መፈረም ብቻ። ፈራሚ አይከፍልም፣ አካውንትም መክፈት የለበትም። በዶኩሳይን ላሳያችሁ፣ ሌሎቹም ከሱ ብዙ አይርቁም።

ኢሜይሉን ስትከፍቱ መሀሉ ላይ ቢጫ ወይ ሰማያዊ በተን አለ፣ ሪቪው ዶክመንት ይላል። ከመጫናችሁ በፊት ግን ይሄን ወረቀት እየጠበቃችሁ ነበር ወይ? ካልነበረ ላኪውን በስልክ ደውላችሁ ጠይቁ፣ ኢሜይሉ ላይ በተጻፈው ስልክ ሳይሆን እናንተ በምታውቁት ስልክ። በዶኩሳይን ስም የሚላክ የሌባ ኢሜይል በጣም ብዙ ነው። መለያው ምንድነው፣ ሊንኩን ከፍታችሁ የጂሜይል ወይ የማይክሮሶፍት ፓስወርዳችሁን ካስገባችሁ ነው ዶክመንቱ የሚታየው የሚል ገጽ ከመጣ ሌባ ነው ብላችሁ ዝጉት። በጣም ከተጠራጠራችሁ ደሞ ትክክለኛው ኢሜይል ግርጌ ላይ ረዘም ያለ የሴኩሪቲ ኮድ አለ፤ ሊንኩን ሳትነኩ በራሳችሁ ዶኩሳይን ዶት ኮም ብላችሁ ገብታችሁ አክሰስ ዶክመንትስ የሚለው ጋ ያንን ኮድ ብታስገቡ ወረቀታችሁ ካለ ይመጣል፣ ከሌለ ውሸት ነው።

ከተከፈተ በኋላ ላይ በኩል በኤሌክትሮኒክ መፈረም እስማማለሁ የምትል ትንሽ ሳጥን አለች፣ እሷን ቲክ አድርጋችሁ ኮንቲኒው። ከዛ ስታርት የምትል ቢጫ ባንዲራ ጎን ላይ ትመጣለች፣ ስትጫኗት የመጀመሪያው ፊርማ ቦታ ላይ ትወስዳችኋለች። እዚህ ጋ ቆም በሉ፤ ባንዲራዋ የምትዘለው ከፊርማ ወደ ፊርማ ነው፣ መሀል ያለውን 14 ገጽ አታስነብባችሁም። የኪራይ ውል ከሆነ መጀመሪያ ሙሉውን ዳውንሎድ አድርጋችሁ አንብቡ፣ ለመልቀቅ ስንት ቀን አስቀድማችሁ መንገር እንዳለባችሁና ዲፖዚቱ መቼ እንደሚመለስ ያለው እዛ መሀል ውስጥ ነው።

የመጀመሪያዋን ሳይን የምትል ቢጫ ሳጥን ስትነኩ ስማችሁንና ኢኒሻላችሁን (የስማችሁን የመጀመሪያ ፊደላት) የሚያሳይ መስኮት ይከፈታል። ስማችሁ ፓስፖርታችሁ ላይ እንዳለው መሆኑን ፊደል በፊደል እዩ። እኛ ጋ ደሞ ይሄ የሚያስቸግር ነገር ነው፣ ገብረመድህን የሚባለውን ሰው አንዱ ወረቀት ላይ ገ/መድህን ብለው አሳጥረው፣ ሌላው ላይ ሁለት ቦታ ቆርጠው ይጽፉታል፤ የአያት ስም አንዱ ጋ አለ፣ አንዱ ጋ የለም። ስሙ ተሳስቶ ከሆነ ዝም ብላችሁ አትፈርሙ፣ ላኪው አስተካክሎ ድጋሚ ይላክ፣ ለሱ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ለእናንተ ግን ከተፈረመ በኋላ ማረም ሙሉ ወረቀቱን እንደገና መጀመር ነው።

ከዛ ሦስት ምርጫ አለ፤ ኮምፒውተሩ ስማችሁን በተጠማዘዘ ጽሑፍ አድርጎ የሚያወጣላችሁ፣ ራሳችሁ የምትስሉት፣ እና የፊርማችሁን ፎቶ የምታስገቡበት። ፊርማችሁ በአማርኛ ከሆነ መሳሉን ወይ ፎቶውን ምረጡ። በፊደል መፈረም ምንም ችግር የለውም፣ ፊርማ ፊርማ ነው፤ በእንግሊዝኛ መሆን ያለበት ከሥሩ የሚጻፈው ስም ነው። ከዛ አዶፕት ኤንድ ሳይን። የቀሩት ሳጥኖች ላይ አንድ አንድ ጊዜ መጫን ብቻ ነው፣ ቀኑን ራሱ ይሞላዋል። መጨረሻ ላይ ፊኒሽ የሚለውን ካልተጫናችሁ ግን ምንም አልተላከም። ብዙ ሰው ሁሉንም ሳጥን ፈርሞ ታቡን ዝም ብሎ ይዘጋና ከሳምንት በኋላ አከራዩ ለምን አልፈረምክም ብሎ ሲደውል ይጣላል።

ባልና ሚስት አብራችሁ የምትፈርሙ ከሆነ ለያንዳንዳችሁ የየራሳችሁ ኢሜይል ነው መምጣት ያለበት። በአንድ ኢሜይል መጥቶላችሁ ባልየው የሚስቱንም ቦታ ፈርሞ መላክ የተለመደ ነው፣ እና የተሳሳተ ነው፤ ሲስተሙ ከየትኛው ኢሜይል፣ በስንት ሰዓት፣ ከየትኛው የኢንተርኔት አድራሻ እንደተፈረመ ይመዘግባል፣ ነገ ነገር ቢመጣ የሚወጣው ያ መዝገብ ነው። ኢሜይሉንም ለሌላ ሰው ፎርዋርድ አታድርጉ፣ ሊንኩ የናንተ ነው። እማማ ኢሜይል የላትም ከሆነ ክፈቱላት።

አንድ ሌላ ነገር፣ ላፕቶፕ ላይ መሳሉ ካስጠላችሁ ያንኑ ኢሜይል በስልካችሁ ክፈቱትና በጣት ፈርሙ። ወረቀቱን በትልቁ ስክሪን አንብቡ፣ ፊርማውን በስልክ።

ባዶ ፒዲኤፍ ከመጣላችሁ

ላኪው ዝም ብሎ ፒዲኤፍ አታች አድርጎ ከላከ ሥራው የናንተ ነው። መጀመሪያ ጂሜይል ውስጥ ሆናችሁ ዝም ብላችሁ ላዩ ላይ ለመጻፍ አትታገሉ፣ ዳውንሎድ አድርጉት።

ክሮምቡክ ላይ ከሆናችሁ ፋይልስ የሚለውን ክፈቱ፣ ዳውንሎድስ ውስጥ ፋይሉን ሁለቴ ጠቅ አድርጉ፣ ጋለሪ በሚባለው አፕ ይከፈታል። ፎቶ ማያ ብቻ ይመስላል፣ ግን ከ2022 ጀምሮ ፒዲኤፍ ላይ መጻፍ፣ ፎርም መሙላትና መፈረም ይችላል፣ ብዙ ክሮምቡክ ያለው ሰው ይሄን ሳያውቅ ነው ሳይት ለሳይት የሚንከራተተው። ላይ በኩል ምልክቶቹን ታያላችሁ፤ ጽሑፍ መጨመሪያ አለ፣ እስክሪብቶ አለ፣ ፊርማ አለ። ፊርማውን ፈጥራችሁ ቦታው ላይ ጎትታችሁ ማስቀመጥ ነው፣ ጠርዙን ይዛችሁ ታሳንሳላችሁ። ከዛ ሴቭ ስታደርጉ ዋናው ላይ ሳይሆን በሌላ ስም ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ባዶው ይኑራችሁ።

ዊንዶውስ ላይ ከሆናችሁ ኤጅ ብሮውዘር አለላችሁ፣ ያ ፕሮግራም አላስጭን የሚለው ኤስ ሞድ ያለበት ርካሽ ላፕቶፕ ላይ እንኳን ኤጅ አለ። ፋይሉን በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ ኦፕን ዊዝ ኤጅ፣ ላይ ድሮው አለ፣ አድ ቴክስት አለ፣ በቃ። ፋየርፎክስ ግን እኔን ካስመረጣችሁኝ ይበልጣል፤ ከ106ኛው ስሪት ጀምሮ ጽሑፍና ሥዕል ያስገባል፣ ከ119 ጀምሮ ፎቶም ያስገባል፣ አዳዲሶቹ ላይ ደሞ ለብቻው የፊርማ ምልክት መጥቷል። ምንም ነገር ወደ ሌላ ሰው ሰርቨር አይልክም፣ እዛው ኮምፒውተራችሁ ላይ ነው የሚሠራው፣ እኔን የሚያስደስተኝ እሱ ነው።

ክሮም ላይ ፎርም ስትሞሉ አንድ ወጥመድ አለች። ሞልታችሁ ጨርሳችሁ ዳውንሎድ ምልክቱን ስትጫኑ ሁለት ምርጫ ይሰጣችኋል፣ ዊዝ ዩር ቼንጅስ እና ዊዝአውት ዩር ቼንጅስ። ሁለተኛውን ከነካችሁ ያወረዳችሁት ባዶውን ነው። ቀጣሪ ባዶ ፎርም ደረሰኝ ካላችሁ ዘጠና በመቶ ምክንያቱ ይሄ ነው ብዬ ነው የማስበው። ከመላካችሁ በፊት ያወረዳችሁትን ከፍታችሁ እዩት፣ ሁሌም።

ፊርማውን ማሳመር

የላፕቶፑ መዳሰሻ ፓድ ላይ ሲፈርሙ የዶሮ ጭረት ነው የሚመስለው፣ ሁሉም ሰው ላይ ነው፣ እና እውነቱን ለመናገር አብዛኛው ተቀባይ ግድ የለውም፤ ሕጉ የሚያየው ለመፈረም አስባችሁ ማድረጋችሁን ነው እንጂ ማማሩን አይደለም። ግን ይሻሻል ካላችሁ እነሆ።

ከመሳላችሁ በፊት ገጹን አጉሉት፣ 200 ፐርሰንት አድርጉትና በትልቁ ፈርሙ፤ መልሳችሁ ስታሳንሱት መንቀጥቀጡ ይጠፋል። ፓዱን በግራ አውራ ጣት ታች በኩል ጫን አድርጋችሁ ይዛችሁ በቀኝ ጠቋሚ ጣት ጻፉ፣ በአንድ ጣት መጫንም መጎተትም ስለሚያስቸግር ነው የሚንቀጠቀጠው። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የፓዱን ፍጥነት ቀንሱት። ማውስ ካለ በማውስ፣ ስክሪኗ የሚነካ ከሆነ ደሞ በጣት።

በጣም የሚያምረው ግን ፎቶ ነው። ነጭ ወረቀት፣ መስመር የሌለው፣ ወፈር ያለ ጥቁር እስክሪብቶ። ከተለመደው ትንሽ ተለቅ አድርጋችሁ ሦስት አራት ጊዜ ፈርሙና የወደዳችሁትን ምረጡ። ቀን ላይ መስኮት አጠገብ አስቀምጡት፣ ፍላሽ አጥፉ፣ ስልኩን ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፤ የስልኩ ጥላ ወረቀቱ ላይ ካረፈ ግራጫ ደመና የመሰለ ነገር ይወጣና ፊርማችሁን ዶክመንቱ ላይ ስትለጥፉት ፕላስተር የተለጠፈበት ይመስላል። ፊርማው ጥግ ድረስ ከርክሙት፣ በስልኩ ኤዲት ውስጥ ብርሃኑንና ኮንትራስቱን ጨመር ስታደርጉ ወረቀቱ ይነጣል ቀለሙ ይጠቁራል። ለራሳችሁ በኢሜይል ላኩትና ላፕቶፕ ላይ አስቀምጡ። ነጩ ጀርባ የፊርማውን መስመር ከሸፈነባችሁ ከመስመሩ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ የሚበቃ ነው። ጀርባ አጠፋላችኋለሁ የሚሉ ሳይቶች አሉ፣ ግን ፊርማችሁን የማታውቁት ሳይት ላይ ከመጫናችሁ በፊት ሁለቴ አስቡ።

ያንን ምስል ደሞ ዴስክቶፕ ላይ ፊርማዬ ብላችሁ አታስቀምጡት። በቴሌግራም ለማንም አትላኩ፣ ለታክስ ሠሪም ጭምር፤ ራሳችሁ ፈርማችሁ ወረቀቱን ላኩ እንጂ ፊርማውን አትላኩ።

መቆለፍ

የራሳችሁን ፊርማ ለጥፋችሁ የምትልኩት ፒዲኤፍ ላይ ፊርማው ተነቃይ ሆኖ ሊቀር ይችላል፣ ማለትም ተቀባዩ ጠቅ አድርጎ ሊያንቀሳቅሰው ወይ ቆርጦ ሌላ ወረቀት ላይ ሊያደርገው ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ፋይሉን በብሮውዘር ክፈቱ፣ ኮንትሮል ፒ ተጫኑ፣ ማተሚያ የሚለው ጋ ፕሪንተር ሳይሆን ሴቭ አዝ ፒዲኤፍ የሚለውን ምረጡና አስቀምጡ። አሁን ጽሑፉም ፊርማውም ገጹ ላይ ተጣብቋል። ሌባን ሙሉ በሙሉ አያቆምም፣ ግን በስህተት የሚንሸራተተውንና ሌላ ኮምፒውተር ላይ ፊርማው የሚጠፋውን ነገር ያስቆማል፣ እሱ ነው በብዛት የሚያስቸግረው።

ይሄን ግን በዶኩሳይን ተፈርሞ ያለቀ ወይ በሰርተፊኬት የተፈረመ ፋይል ላይ በፍጹም አታድርጉ። እነሱ ውስጣቸው የማይታይ ማህተም አላቸው፣ ከተፈረመ በኋላ አንዲት ነጥብ ብትቀየር አዶቤ ሪደር ሲከፍተው ፊርማው ልክ እንዳልሆነ ይናገራል፤ ድጋሚ ወደ ፒዲኤፍ ስታትሙት ማህተሙ ይጠፋና ተራ ወረቀት ይሆናል። እንደመጣ አስቀምጡት፣ እንደመጣ ላኩት።

የሚያጋጥሙ ጣጣዎች

ነጻ ነው ብለው የሚጀምሩ ሳይቶች አሉ። ጉግል ላይ ፒዲኤፍ መፈረም ብላችሁ ስትፈልጉ ከላይ ማስታወቂያ ሆነው የሚመጡት። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ትሞላላችሁ፣ ትፈርማላችሁ፣ ዳውንሎድ ስትሉ ካርድ ቁጥር ይጠይቃል፤ በአንድ ዶላር ሙከራ ብለው ይጀምሩና ከሳምንት በኋላ በየወሩ መቁረጥ ነው። እኔንም አንዱ እንደዚህ አድርጎኝ ለማስቆም ባንክ ድረስ ደውያለሁ፣ ስሙን አልጠራም። ስለዚህ ገና ሳትጀምሩ ባዶ ፒዲኤፍ አስገብታችሁ ዳውንሎድ ያደርግ እንደሆነ ሞክሩ፣ ወይ ደሞ ከላይ ያልኳችሁን ተጠቀሙ፣ እነሱ ካልሆኑላችሁ የአዶቤ አክሮባት ድረ ገጽ ላይ ነጻ አካውንት ከፍታችሁ ፊል ኤንድ ሳይን የሚለውን ተጠቀሙ።

ካናዳ ያላችሁ ደሞ ይሄን ታውቁታላችሁ፤ የኢሚግሬሽን አይኤምኤም ፎርሞችን ክሮም ላይ ስትከፍቱ ፕሊስ ዌይት የሚል ገጽ ብቻ ይመጣል። ስትጠብቁ ብታድሩ አይመጣም፣ ፎርሙ የተሠራበት መንገድ ሌላ ስለሆነ ክሮም አያነበውም። ፋየርፎክስ ከ93ኛው ስሪት ጀምሮ እንዲህ አይነቱን መክፈት ይችላል፣ ግን ማረጋገጫው ቫሊዴት የሚለው በተን ስላለበት ያለምንም ጭንቀት የሚሠራው በዊንዶውስ ላይ አዶቤ ሪደር ሲሆን ነው። ክሮምቡክ ብቻ ካላችሁ ለሱ አንድ ቀን ላይብረሪ ሂዱ።

ፎርም ውስጥ በአማርኛ ስትጽፉ ካሬ ካሬ ሳጥን ወይ ባዶ ቦታ ከወጣ ጥፋቱ የናንተ አይደለም፣ ፎርሙ የተሠራበት ፎንት የኛን ፊደል ስለሌለው ነው። ለዕድር ወይ ለማኅበር ወይ ለቤተክርስቲያን አባልነት በአማርኛ የተዘጋጀ ፎርም ላይ ነው በብዛት የሚመጣው። ፎርሙን የምታዘጋጁት እናንተ ከሆናችሁ ጉግል ዶክስ ላይ ሠርታችሁ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሩት፣ ሞልቶ የሚፈርመው ሰው ደሞ ፎርሙ ላይ ከመተየብ በእስክሪብቶ ምልክቱ ይጻፈው።

ቀን ስትሞሉ የተቀባዩን ካላንደር ተከተሉ። አሜሪካ ወር ነው የሚቀድመው፣ አውሮፓ ቀን ነው፤ 05/06 ብላችሁ ጽፋችሁ ማን ምን እንደሚያነብ አታውቁም፣ ቦታ ካለ ወሩን በቃል ጻፉት። ለኢትዮጵያ የምትልኩት ከሆነ ደሞ ዓ.ም ወይ እ.ኤ.አ. መሆኑን አጠገቡ አስቀምጡ።

ሳይን የሚለው በተን አልሠራ ካለ፣ ገጹ ነጭ ሆኖ ከቀረ፣ መጀመሪያ የማስታወቂያ ማገጃ ኤክስቴንሽናችሁን አጥፉ ወይ በኢንኮግኒቶ ክፈቱት። ከዛ ሌሎቹን ታቦች ዝጉ፣ ዩቲዩቡን ጭምር። 4 ጊጋ ራም ላይ 60 ገጽ ውልና ዩቲዩብ አብረው አይሄዱም።

ከተፈረመ በኋላ

ሶሻል ሴኩሪቲ ያለበትን ነገር፣ ለምሳሌ ደብሊው-9፣ በተራ ኢሜይል ከመላክ ተቀባዩ የራሱ መጫኛ ገጽ እንዳለው ጠይቁ፣ አብዛኛው ታክስ ሠሪና ባንክ አለው። የፋይሉን ስም ስካን001 ብላችሁ አትላኩ፣ የኪራይ ውል የተፈረመ ከነዓመቱ ብላችሁ ስትሰይሙት ለእናንተም ለነሱም ይቀላል። ሌላኛው ወገን ከፈረመ በኋላ የሁለታችሁም ፊርማ ያለበት ኮፒ እስኪደርሳችሁ ተከታተሉ፤ የናንተ ብቻ ያለበት ግማሽ ውል ነው፣ በተለይ አከራይ ጋ።

የላይብረሪ ወይ የሰው ክሮምቡክ ላይ ከሆናችሁ ጌስት ብላችሁ ግቡ፤ ስትወጡ ያወረዳችሁት ሁሉ ይጠፋል፣ ጥሩ ነው፣ ግን የተፈረመውም አብሮ ነው የሚጠፋው። ስለዚህ መጀመሪያ ለራሳችሁ በኢሜይል ላኩት፣ ስልካችሁ ላይ መድረሱንና መከፈቱን እዩ፣ ከዛ ነው ኤግዚት ጌስት የምትሉት።